ፌሩዝ የማን ስም ነው?



በአዊ ዞን፣ በዳንግላ ከተማ፣ አንዲት ሕፃን በተወለደች በሰባተኛው ቀን ለዐቂቃዋ ከተጠሩት እንግዶች አንዱ ነበርኩ። ሥጋው ቀርቦ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የልጅቱ ስም ተነገረ፤ ፌሩዝ ተባለች። ስሙን የመረጡት ሴት አያቷ ናቸው። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ አንድ ጊዜ ከመንገድ ሲመለሱ ሰማያዊ ፈርጥ ያላት የብር ቀለበት አምጥተውላቸው፣ ድንጋዩ ፌሩዝ እንደሚባል ነግረዋቸው ነበር። ቀለበቷ ከጠፋች ዘመን የላትም፤ ስሟ ግን በልባቸው ቀርቶ ኖሯል።

ከእንግዶቹ መካከል አንድ ወጣት ግን ስሙ የዐረብ አለመሆኑን፣ ከዚህም የከፋው ደግሞ ሰይዲና ዑመርን (ረ.ዐ.) የገደለው ሰው ስም መሆኑን ተናገረ። በክፋት አልነበረም፤ ያነበበውን ነው ያወጣው። ቤቱ ጸጥ አለ። አያቲቱ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። አባትየውም ሌላ ስም እንዲፈለግ መጠየቅ ጀመረ። እኔን ጨምሮ በዚያ ቤት የነበርን ሁሉ መልስ አጣን።

ወደ እንጅባራ ከተመለስኩ በኋላ ጉዳዩ አላስተኛኝ አለ። የሶሐቦችን ታሪክ የያዙ መጻሕፍትን ገለጥኩ። ወጣቱ የተናገረው ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሌላው ግማሽ ግን ሳይነገር የቀረ ነው፤ እሱም የፈይሩዝ አድ-ደይለሚ (ረ.ዐ.) ሕይወት ነው። እነሆ ለአንባብያን አቀርበዋለሁ።

ስሙና ድንጋዩ

በቅድሚያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ቃሉ የፋርስ ነው። ከእስልምና በፊት በነበረው ፋርስኛ ፔሮዝ ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ድል አድራጊ ማለት ነው። ዐረብኛ የፐ ድምፅ ስለሌለው ዐረቦች ፈይሩዝ አሉት። እኛ ደግሞ ፌሩዝ፣ ፈይሩዝ፣ ፊሩዛ እያልን እንጠራዋለን።

ያው ቃል የከበረ ድንጋይም ስም ሆኗል። ድንጋዩ እንደ ጠራ ሰማይ ሰማያዊ ነው፤ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሰማያዊውን ቀለም የሚሰጠው በውስጡ ያለው መዳብ ነው። ዝነኛው ማዕድን ያለው በኢራን፣ በኹራሳን ግዛት፣ በኒሻቡር ከተማ አካባቢ ሲሆን ከዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲወጣ ኖሯል። ወደ አውሮፓ የደረሰው በቱርኮች ምድር በኩል ስለነበር፣ አውሮፓውያን የቱርክ ድንጋይ የሚል ስም አወጡለት።

በጥንት ዘመን ፈይሩዝ የወንድ ስም ነበር። ከእስልምና በፊት ከነበሩት የፋርስ ነገሥታት አንዱ ፔሮዝ ይባል ነበር፤ ነገር ግን ስሙ ባለ ድል ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ484 ከነሠራዊቱ በጦር ሜዳ ተሸንፎ ሞቷል። ስሙ ወደ እኛም ሰዎች ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1487 በቤንጋል፣ ማለትም በዛሬዎቹ ባንግላዴሽና የሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ምድር፣ ማሊክ አንዲል የተባለ ሐበሻ የጦር አዛዥ ዙፋን ላይ ሲቀመጥ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ ተብሎ ነገሠ። በጥንታዊቷ ጋውር ከተማ በስሙ የሚጠራው ፊሩዝ ሚናር ዛሬም ቆሞ ይታያል። ስሙ ለሴቶች ልጆች የተመረጠው በድንጋዩ ውበት ምክንያት ነው። እኛስ ብንሆን ሴት ልጆቻችንን አልማዝ፣ ዕንቁ እያልን እንጠራ የለምን?

በየመን የቀሩት ልጆች

አብረሃን ከሱረቱል ፊል የማያውቅ ሙስሊም የለም። በየመን የነገሠው ይህ ሐበሻ ከሞተ በኋላ ልጆቹ የክሱምና መስሩቅ ተከታትለው ገዙ። በአገዛዙ የተማረረው የሒምየሩ መስፍን ሰይፍ ኢብን ዚ-የዘን የፋርሱን ንጉሥ አኑሽርዋንን እርዳታ ለመነ። ንጉሡም ከእስር ቤት ያወጣቸውን ሰዎች ወህሪዝ በተባለ አዛውንት የጦር አለቃ ሥር አድርጎ ላከ። የታሪክ ጸሐፍት እንደሚተርኩት 800 ሰዎች በ8 መርከቦች ተሳፍረው ተነሡ፤ 2ቱ መርከቦች ሰጥመው የቀሩት ደረሱ። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ570ዎቹ አካባቢ ነው።

በጦርነቱ ቀን መስሩቅ ዘውድ ደፍቶ፣ ከዘውዱ ላይ ቀይ የያቁት ፈርጥ በሁለት ዓይኖቹ መካከል ተንጠልጥሎ ነበር ይባላል። የዕድሜ ብዛት ዓይኑን ያደከመው ወህሪዝ ያንን የሚያበራ ፈርጥ እንዲያሳዩት ጠየቀ፤ ቀስቱንም ወደዚያው ለቀቀ፤ መስሩቅም ወደቀ። የየመን የሐበሾች አገዛዝም በዚሁ ተፈጸመ።

ከፋርስ የመጡት ወታደሮች ወደ አገራቸው አልተመለሱም። በየመን ቀሩ፤ የአገሩን ሴቶች አገቡ፤ ወለዱ። ዐረቦች የእነዚህን ዘሮች አል-አብናእ፣ ማለትም ልጆቹ፣ ብለው ጠሯቸው። ፈይሩዝ ከእነዚህ ከሰንዓ አብናእ ወገን ነው። ደይለሚ የሚለው ቅጽል ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ ወዳለው ተራራማ አገር ይወስደዋል። በሒምየር ሰዎች መካከል ስለኖረ ሒምየሪ የሚሉትም አሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚያስገርመን፣ አንዳንድ የሶሐቦች ታሪክ ጸሐፍት የነጃሺ የእህት ልጅ ነው ብለው መመዝገባቸው ነው። አባቶቹ ከአባቶቻችን ጋር በጦር ሜዳ የተገናኙ ሰው፣ እሱ ራሱ በዝምድና ወደ እኛ ይጠጋ እንደነበር እነዚህ ዘገባዎች ይነግሩናል።

ጥያቄ ይዞ የሄደ ሰው

የየመን የመጨረሻው የፋርስ አገረ ገዥ ባዛን ሲሰልም ብዙዎቹ አብናእም ተከተሉት። ፈይሩዝም ሰለመ፤ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድም ሄደ። ከዚያ ጉዞው በሱነን መጻሕፍት የተመዘገቡ ሁለት ጉዳዮች አሉ፤ ሁለቱም የቤት ጉዳዮች ናቸው።

የመጀመሪያው የትዳሩ ነው። ፈይሩዝ ሲሰልም ሁለት እህትማማቾችን በአንድ ላይ አግብቶ ነበር። እስልምና ይህን ስለማይፈቅድ ነቢዩ ከሁለቱ አንዷን እንዲመርጥ አዘዙት። ሁለተኛው የእርሻው ነው። የየመን ሰዎች ወይን ያመርታሉ፤ መጠጡ ደግሞ ሐራም ሆኗል። ታዲያ ወይናችንን ምን እናድርገው ብለው ጠየቁ። ወይኑን አድርቀው ዘቢብ እንዲያደርጉት፣ ዘቢቡንም ጠዋት ዘፍዝፈው ማታ፣ ማታ ዘፍዝፈው ጠዋት እንዲጠጡት ተነገራቸው።

ልብ በሉ! ትዳሩ ተስተካከለ፤ የእርሻው ምርት አጠቃቀም ተስተካከለ። ስሙ ግን አልተነካም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ክፉ ትርጉም ያላቸውን ስሞች ይቀይሩ እንደነበር የታወቀ ነው፤ አመፀኛ የሚል ትርጉም የነበራትን ዓሲያን ጀሚላ ብለዋታል። ይህ የፋርስ ልጅ ግን በፋርስ ስሙ ሄዶ በፋርስ ስሙ ተመለሰ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ፈይሩዝ ተባለ።

የሰንዓ ሌሊት

ባዛን ሲሞት ልጁ ሸህር በሰንዓ ላይ ተሾመ። በዚያው ወቅት፣ በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ መጨረሻ ገደማ፣ አል-አስወድ አል-ዐንሲ የተባለ ጠንቋይ ነቢይ ነኝ ብሎ ተነሣ። ጦር አሰባስቦ ሰንዓን ያዘ፤ ሸህርን ገደለ፤ የሟቹን ሚስት ኣዛድን በግድ አገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሰፊው የየመን ምድር ከእጁ ገባ። ከፊሉ ሕዝብ አመነው፤ ከፊሉ ፈራው። የቀሩት ሙስሊሞች በየቤታቸው እምነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ።

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ይህን ሰው እንዲቋቋሙት የሚያዝ መልእክት ለአብናእ ደረሳቸው። ፈይሩዝ፣ ዳዘወይህ የተባለ ሌላው የአብናእ አለቃ፣ እንዲሁም አል-አስወድ ፊቱን ያዞረበት የጦር አዛዡ ቀይስ በምሥጢር ተማከሩ። ነገር ግን አል-አስወድ በጠባቂ የታጠረ ነው፤ ወደ እሱ የሚያደርስ መንገድ የለም።

መንገዱን ያሳየች ሴት ነበረች። ኣዛድ የፈይሩዝ የአጎት ልጅ ናት። ባሏን ከገደለባት ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር፣ እምነቷን በልቧ የያዘች ሴት ነበረች። በምሥጢር ሲጠይቋት፣ ቤተ መንግሥቱ በሙሉ በዘበኛ የተከበበ ቢሆንም የአንዱ ክፍል የጀርባ ግድግዳ ወደ መንገድ እንደሚወጣ፣ በሌሊት ያንን ግድግዳ ቢነድሉ እንደሚገቡ ነገረቻቸው። መብራትና መሣሪያም አዘጋጅታ እንደምትጠብቃቸው ቃል ገባች።

በተባለው ሌሊት ግድግዳውን ነደሉ። ከሁሉም በጉልበት የሚበልጠው ፈይሩዝ ነበርና ቀድሞ ገባ። አል-አስወድ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ ኣዛድ ከአጠገቡ ተቀምጣለች። ፈይሩዝ ወጥቶ ሰይፍ ለማምጣት ጊዜ አልነበረውም። ሰውየው ከነቃ እሱም እሷም ማለቃቸው ነው። ስለዚህ ዘሎ ጭንቅላቱን ያዘ፤ በጉልበቱ ጀርባውን ተጭኖ አንገቱን ሰበረው። ጓደኞቹም ገብተው ሥራውን ፈጸሙ። ሟቹ እንደ በሬ ሲያጓራ ዘበኞች ወደ በሩ ሮጡ። ኣዛድ ግን ሳትደናገጥ ነቢያቸው ወሕይ እየወረደለት መሆኑን ነግራ መለሰቻቸው። ያ የሐሰት ነቢይ ሲያታልልበት በኖረው ቃል ዘበኞቹ ተታለሉ።

ጎሕ ሲቀድ ከከተማዋ አዛን ተሰማ። የሙሐመድ መልእክተኛነትና የአል-አስወድ ሐሰተኛነት ታወጀ። ተደብቀው የነበሩ ሙስሊሞች ወጡ፤ ሰንዓ ነፃ ወጣች።

ጊዜው 11ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. 632 ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና በመጨረሻው ሕመማቸው ላይ ነበሩ። ዘገባዎች እንደሚሉት መልእክተኛ ከየመን ሳይደርስ የዚያኑ ሌሊት ዜና በወሕይ ተነገራቸው። ለሶሐቦችም አል-አስወድ መገደሉን፣ የገደለውም ከተባረከ ቤተሰብ የሆነ የተባረከ ሰው መሆኑን አበሠሩ። ማን ነው ብለው ሲጠይቋቸውም ፈይሩዝ መሆኑንና ድል ማድረጉን ተናገሩ። በዐረብኛ ድል አደረገ የሚለው ቃል ፋዘ ነው፤ ፋዘና ፈይሩዝ በጆሮ ይቀራረባሉ። የስሙም የፋርስ ትርጉም ያው ድል ነው። የዳንግላዋ ሕፃን ስም በመዲና እንዲህ ተመስክሮለታል።

ወሬውን የያዘው መልእክተኛ መዲና ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ አኺራ ሄደው፣ አቡበክር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሆነው አገኛቸው።

ከድል በኋላ

ድል ካደረጉ በኋላ መኖር ከድሉ ይከብዳል። አቡበክር ፈይሩዝን በሰንዓ ላይ ሾሙት። ይህን ጊዜ የሴራው ባልደረባ የነበረው ቀይስ ሥልጣኑ ለአብናእ መሄዱ አንገበገበው። ግብዣ አዘጋጅቶ መጀመሪያ የመጣውን ዳዘወይህን ገደለው። ፈይሩዝም ወደ ግብዣው እየሄደ ሳለ፣ በሰገነት ላይ የቆሙ ሴቶች ይህም እንደ ዳዘወይህ ሊገደል ነው ብለው ሲነጋገሩ ሰማ። ፈረሱን አዙሮ አመለጠ፤ ወደ ኸውላን ተራሮችም ገባ። ቀይስ የአብናእን ቤተሰቦች ከአገር ማባረር ጀመረ። አባቶቻቸው በባሕር መጥተዋልና ባዕዳን ናችሁ ተባሉ።

ፈይሩዝ በየጎሣው መልእክት ልኮ ረዳት አሰባሰበ፤ የሚባረሩትን ቤተሰቦች አስለቀቀ፤ ከቀይስም ጋር ተዋግቶ አሸነፈው። በኋላ ቀይስ ተይዞ ወደ መዲና ሲወሰድ፣ አቡበክር ግድያውን በግልጽ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ስላላገኙ አልገደሉትም። ፈይሩዝ የጓደኛውን ደም በራሱ እጅ ለመበቀል ሲነሣ አናይም።

በዑመር (ረ.ዐ.) ዘመን የሚተረክ ሌላ ታሪክ አለ። ዑመር፣ ፈይሩዝ ነጭ እንጀራ በማር እየበላ መቀመጡን ሰምተው ወደ ጅሃድ እንዲመጣ ጻፉለት። መጥቶ በራቸው ላይ ሲደርስ፣ አንድ የቁረይሽ ወጣት ሊቀድመው ሲጋፋው አፍንጫውን መታው። ወጣቱ ደሙ እየፈሰሰ ገባ። ዑመር ጉዳዩን ሰምተው ፈይሩዝ እንዲቀጣ ወሰኑ፤ ፈይሩዝም ለቂሷስ ተንበረከከ። ዑመር ግን ወጣቱን ከመምታቱ በፊት፣ ነቢዩ ስለዚህ ሰው የተናገሩትን ነገሩት። ወጣቱም ይህን ሲሰማ ይቅር አለ። ፈይሩዝም ሰይፉን፣ ፈረሱንና 30,000 ከገንዘቡ ሰጠው። ቁጣው ቶሎ የሚመጣ፣ ጥፋቱንም የማይክድ ሰው ነበር።

ፈይሩዝ በዑስማን (ረ.ዐ.) ዘመን ሞተ የሚሉ አሉ፤ ሌሎች ደግሞ በሙዓዊያህ ዘመን፣ በ53 ዓመተ ሂጅራ በየመን ሞተ ይላሉ። ልጆቹ ዐብደላህና ደሕሓክ ከእሱ የሰሙትን ሐዲስ አስተላልፈዋል።

ሁለተኛው ፈይሩዝ

አሁን ወደ ወጣቱ ቃል እንመለስ። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ644፣ ዑመርን በሱብሒ ሶላት ላይ በጩቤ የወጋው የአል-ሙጊራ ባሪያ አቡ ሉእሉአህ ነው። ስሙም ፈይሩዝ ነበር ይባላል። ይህ አይካድም። ነገር ግን የታሪኩ መጨረሻ እንዲህ ነው። ሉእሉእ ማለት ሉል ነው። ገዳዩ ትንሽ ሴት ልጅ ነበረችው። የዑመር ልጅ ዑበይደላህ በኀዘንና በቁጣ ነዶ ሌሎች ሰዎችን ከገደለ በኋላ ያቺንም ሕፃን ገደላት። የመዲና ሙስሊሞች ይህን አልተቀበሉትም፤ ዑስማን (ረ.ዐ.) ኸሊፋ እንደሆኑ ከገጠሟቸው የመጀመሪያ ከባድ ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ሕፃኒቱ በአባቷ እጅ ሥራ ልትጠየቅ አይገባም ነበርና። ቁርኣንም አንዲት ነፍስ የሌላይቱን ኃጢአት እንደማትሸከም ያስተምራል።

አባት የሠራው ለገዛ ልጁ ካልተላለፈ፣ በስም ብቻ የሚገናኝ ሰው ኃጢአት ለዳንግላዋ የሰባት ቀን ሕፃን እንዴት ይተላለፋል? ሁለቱ ሰዎች በአንድ ስም ተጠሩ። አንደኛው ሐሰተኛውን ገድሎ አዛን አስነሣ፤ ሁለተኛው ሰጋጁን ኸሊፋ ገደለ። ስሙ አንድ ነው፤ ሥራው ነው የለያቸው። ስማችን የገዳይ ስም እንዳይሆን ብለን ብንፈልግ የሚተርፍ ስም አይኖረንም፤ ዐልይን (ረ.ዐ.) የገደለው ሰው ስም ዐብዱረሕማን አይደለምን?

ስሙ የዐረብ አይደለም የሚለውም እንዲሁ ነው። እኛ በአዊ ዞን ያለን ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። በአንድ ግቢ ውስጥ አገውኛ፣ አማርኛና የቁርኣን ዐረብኛ ሲሰማ ያደግን ነን። ሃይማኖታችን ከስም የሚጠይቀው ትርጉሙ መልካም መሆኑን፣ ከአላህ ሌላ ለማንም ባርነትን አለማመልከቱን ነው። ይህን ያሟላ ስም ከየትም ቋንቋ ቢመጣ እንግዳ አይባልም።

ወደ ዳንግላ ተመልሼ ለቤተሰቡ ይህን ሁሉ አጫወትኳቸው። ያ ወጣትም ተጠርቶ መጥቶ ነበር፤ እስከ መጨረሻው በጥሞና ሰማ፤ አያቲቱንም ዓውፍ ጠየቀ። አባትየው ስሙ እንዳለ እንዲቆይ ወሰነ። አያቲቱ ግን ስለ ፈይሩዝ ብዙም አልጠየቁም። ግድግዳውን ያሳየችውን፣ ዘበኞቹን ከበር የመለሰችውን የኣዛድን ታሪክ እንደገና እንድነግራቸው ነው የፈለጉት። ነገርኳቸው። ሕፃኗን አቅፈው ያዳምጡ ነበር።

ልጆቻችሁ ትርጉሙ ባማረ ስም ይጠሩ ዘንድ ስሙን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። የወጣውን ስም ለመንቀፍ ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ወላሁ አዕለም።